የወይራ ሜዳ ግግር

በሥራዬ አልታማም ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ስለ እኔ ብዙ ይወራ ነበር፤ ቁጡ ነው፣ ምላሱ ሬት ነው፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ሚስት አላገባም ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን "ማሩ ሳይሰረስር ጻፈ" የሚል ሰው አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ የአፈር መሰርሰሪያዬን በትከሻዬ ተሸክሜ ከጉና ግርጌ እስከ ይፋግ ዞሬአለሁ። ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት አይተው "ቀይ አፈር፣ ጥልቅ" ብለው ወረቀት የሚሞሉ የሙያ ባልደረቦች ነበሩኝ። ስማቸውን አልጠራም። እኔ በፀሐይም በካፊያም እሰረስር ነበር፤ በዚህም ሰው እስኪሰለቸው ድረስ እኩራራ ነበር።

መሰርሰሪያው ቀላል ዕቃ ነው። ከቁመቴ የሚበልጥ ብረት ነው፤ ጫፉ የተጠማዘዘ፣ ራሱ ላይ በሁለት እጅ የሚያዝ አግዳሚ እንጨት ያለው። እየጠመዘዙ ወደ መሬት ይነዱታል፤ በየስንዝሩ አውጥተው ጫፉ ላይ የተጣበቀውን አፈር ያያሉ፣ ያሹታል፣ ይጽፋሉ። ደንቡም ቀላል ነው። ብረቱ ድንጋይ ነክቶ ከቆመ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለህ ሌላ ትሰረስራለህ፤ ያም ከቆመ ሦስተኛ። ከሦስቱ የሚመዘገበው ጥልቁ ነው፤ አንድ ቋጥኝ መሬቱን በሙሉ ድንጋይ እንዳያስመስለው ተብሎ። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ባገኘው የምለው ነገር አለኝ።

ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ላይ፣ የአገሩ ወሬ ሁሉ መንደር ምሥረታ ነበር። ከወንዛዬ ፍል ውኃ ወዲህ ያሉ የሦስት ጎጥ ገበሬዎች፣ መቶ አርባ አባወራ፣ ወይራ ሜዳ በሚባል ገላጣ ቦታ በአንድ መንደር እንዲሰባሰቡ ተወሰነ። እኔ መሬቱን እንዳጠና ተላክሁ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የውኃ ጉድጓድ ይቆፈርበታል ወይስ አይቆፈርበትም? ፍል ውኃው ለገላ እንጂ ለጉሮሮ አይሆንም፤ ወንዙም ሩቅ ነው።

ሜዳውን የሚያርሱት አያ ዘውዱ የሚባሉ ስድሳ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። በሬዎቻቸውን አቁመው ሥራዬን ሊያዩ መጡ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ክንድ ሳይሞላ ቆመ። ብረቱ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ከጠርሙሴ አንድ ጠብታ አሲድ ሳደርግበት ቱፍ ቱፍ ብሎ ፈላ።

"ምን ታደርገዋለህ፣ ልጄ?" አሉኝ። "እሱኮ ግግር ነው።"

"ግግር ማለት?"

"ግግር ነዋ! ማረሻ ሲነካው የሚጮኸው። ክረምት ውኃ አያስገባም፤ በጋ ሥር አያሳልፍም። ከዚህ እስከዚያ ዋርካ ድረስ አንድ ነው።"

ኖራ መሆኑ ገብቶኛል። ኮርስ ላይ "የጠጠረ የካልሲየም ካርቦኔት ንጣፍ" ብለው አስተምረውናል። ስሙን ለፈተና ሸምድጄ አልፌበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ረግጬው አላውቅም። በእጄ ያለው ፎርም ደግሞ ሦስት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ አፈር፣ ጠጠር፣ አለት። ይሄ ነገር ከሦስቱም አልገባ አለኝ። አለት እንዳልለው አፈር የነበረ ነው፤ አፈር እንዳልለው ብረት ይመልሳል፤ ጠጠር እንዳልለው አልተበተነም። ከፎርሙ ግርጌ "አስተያየት" የሚል መስመር ነበር። እዚያ ላይ የሽማግሌውን ቃል ልጽፈው ብዕሬን አንሥቼ ተውሁት። መሥሪያ ቤት ወስጄ "ግግር" ብዬ ባነብ የሚስቁብኝ ሰዎች ፊታቸው ታየኝ።

ሁለተኛውም ቆመ። ሦስተኛው ግን ቅቤ እንደሚወጋ ቢላዋ ገባ። ሁለት ሜትር ከአሥር ወረደ፤ ብረቱ አለቀ እንጂ መሬቱ አላለቀም። መጨረሻ ላይ ከወጣው አፈር ጋር አንዲት የገለባ ስባሪ ነበረች። ከላይ የወደቀች ናት ብዬ በጥፍሬ ነቅዬ ጣልኋት።

"ታዲያ ግግሩ የታለ፣ አያ ዘውዱ?" አልሁ በድል አድራጊነት።

አያ ዘውዱ መልስ አልሰጡኝም። ቀዳዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። ዝምታቸውን መረታት አድርጌ ቆጠርሁት። ቦታው ላይ ችካል ተከልሁና ጻፍሁ፤ "አፈር፤ ጠጠር አልፎ አልፎ። ጥልቀት ከሁለት ሜትር በላይ። ለጉድጓድ ተስማሚ።" ዋርካውንም፣ ሜዳውንም በወረቀቱ ጀርባ አሳምሬ ሣልሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእኔ ነበር።

ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አስቸኳይ ጥሪ ደረሰኝ። አንበሳሜ ላይ የውኃ ጉድጓድ በመቆፈር የታወቀ አደም የሚባል ሰው አለ፤ በዚያ አካባቢ ከጠጣሁት ውኃ ግማሹ እሱ ከቆፈረው ነው። ወይራ ሜዳ ላይ እንዲቆፍር ታዘዘ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከችካሌ ርቆ ለአደባባይ በመረጠው ቦታ ላይ አራት ቀን በዶማና በድጅኖ ታገለ፤ የወረደው ሁለት ክንድ አይሞላም። በአምስተኛው ቀን ዕቃውን ሰብስቦ "ይሄ መሬት ክዳን አለው፤ ክዳኑም ተደፍኗል። ሌላ ቦታ ፈልጉ" አለ። የመንደር ምሥረታው ካድሬ ጓድ በላይነህ ወረቀቴን አውጥቶ አነበበለት። ለጉድጓድ ተስማሚ ይላል። ስለዚህ መሬቱ ደህና ነው፤ የታመመው ሰውየው ነው። አደም በአሻጥር ተጠርጥሮ የማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት። እኔ የተጠራሁት በሕዝብ ፊት ወረቀቴን እንዳረጋግጥ ነው። ካረጋገጥሁ በማግስቱ ወደ ጎንደር ሊልኩት ነበር። በዚያ ዘመን በአሻጥር ስም ወደ ጎንደር የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አልነበረም።

ያኔ የተሰማኝን ልናገር፤ ተናደድሁ። ለአደም አይደለም፤ በአደም ነው። የሰረሰርሁትን መሬት "ክዳን አለው" የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከሐሙሲት ወደ ወይራ ሜዳ በእግር ስወርድ አገልግል ያዘለች ሴት ደረሰችብኝ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ብረት አይታ ማን እንደሆንሁ አወቀች። የአደም ሚስት ዙበይዳ ነበረች። ምግብ ልታደርስለት ስትመላለስ ስድስተኛ ቀኗ ነው።

"የወረቀቱ ባለቤት አንተ ነህ?" አለች።

"ነኝ።"

"የኔ ሰውዬ ሌላ ሌላውን ይዋሻል። 'እመጣለሁ' ብሎ ይቀራል፣ 'አልበላሁም' ብሎ ሁለት ጊዜ ይበላል። በመሬት ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ ወላሂ። ክዳን አለው ካለ ክዳን አለው። አንተም ልጅ ካለህ፣ እናት ካለችህ፣ ዛሬ ደግመህ እየው።"

"ለዚሁ ነው የምሄደው" አልኋት በቁጣ፤ ቁጣዬም አሳፈረኝ። እሷ ወደ መጋዘኑ፣ እኔ ወደ ሜዳው ተለያየን።

ስብሰባው ከቀትር በኋላ ነበር። ሜዳው ላይ ስደርስ አያ ዘውዱ ብቻቸውን ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው በቀጥታ ወደ ችካሌ ሄድሁ። ከጎኑ ብረቱን ተከልሁና ጠመዘዝሁ። ገባ፤ ሁለት ሜትር ከአሥር። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ብረቱን ሳወጣው ጫፉ ላይ ገለባ አለ። አሁን አንዲት ስባሪ አይደለም፤ ጭብጥ የሚሞላ፣ የበሰበሰ፣ ከመካከሉ የጠቆረ የማሽላ ፍሬ ያለበት።

ከሰው ቁመት በታች ማሽላ አይዘራም።

አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ሄጄ ሰረሰርሁ፤ ክንድ ላይ ቆመ። ወደ ምዕራብ፤ ቆመ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ፤ ቆመ። ብረቱ የሚገባባት ቦታ ከአንድ ሰው ትከሻ የማትሰፋ ክብ ናት። ከዋርካው እስከ ሜዳው ዳር የአገዳ አጥር ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሰረሰርሁ፤ ዐሥራ አንዱም ጊዜ ነጭ ዱቄት። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

አያ ዘውዱ ተነሥተው መጡ።

"የአባቴ የእህል ጉድጓድ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ባዶ ነው። አፉ ተንዶ አፈር ሞላው፤ ተውነው።"

"ግግሩን እንዴት በሱት?"

"እሳት እያነደዱበት፣ ውኃ እየደፉበት። አንዱን አፍ ለመክፈት ሱባኤ ሙሉ ይፈጅ ነበር። አንዴ ከተከፈተ ግን ከሥሩ ለስላሳ ነው። ግግሩ ጣራ ይሆንሃል፤ ጠብታ አያስገባም። እህል ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ አይነቅዝም።"

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም? ሦስተኛው ሲገባ ቆመው ያዩ ነበርኮ!" ጮኽሁባቸው፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ።

አያ ዘውዱ ዙሪያውን ቃኙና ዝቅ ብለው ተቀመጡ። "ባዶው እሱ ብቻ ስለሆነ ነዋ" አሉ።

ገባኝ። ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ወዲህ ሰው የኮታውን እህል እያስረከበ፣ የተረፈችውን ዘር ደብቆ ነበር የሚያድረው። በተደበቀበት ቢገኝ ይወሰዳል፣ ባለቤቱም ይታሰራል።

"የሞሉት ስንት ናቸው?"

"አምስት። የዘጠኝ ቤት ዘር። ገብስም አለ፣ ዳጉሳም አለ። ሰኔ የሚወድቀው ዘር እሱ ነው፤ ሌላ የለንም። አንተ ይሄን አፍ ካሳየህ፣ ልጄ፣ ሜዳውን በሙሉ ይወጉታል።"

ነገሩን በየአቅጣጫው አገላበጥሁት። "ሰርስሬ ተሳሳትሁ" ብል፣ ጓድ በላይነህ "የት ሰረሰርህ? አሳየኝ" ይላል። ወረቀቱ ላይ ዋርካው ተስሏል፤ የሌላ ቦታ ወረቀት ነው ማለት አልችልም። ቦታውን ካሳየሁ ብረቱ ይገባል፤ ከገባ ወይ አደም ውሸታም ነው፣ ወይ ከሥር ያለው ይወጣል። ጉድጓዱን ከተናገርሁ አደም ይፈታል፣ ስሜም ይተርፋል፤ ዘጠኝ ቤት ያለ ዘር ይቀራል፣ ሽማግሌውም በአደም ፈንታ መጋዘን ይገባሉ። አደምን አስፈትቶ ጉድጓዱን የሚሸፍን አንድ ቃል ብቻ ቀረ። እሱን ቃል ከአፌ ከማውጣት ጥርሴን ቢያወልቁኝ እመርጥ ነበር።

"አያ ዘውዱ" አልሁ፣ "ችካሉን ይንቀሉልኝ።"

ችካሉን ነቀሉ። ቀዳዳዎቹን በእግራችን ደፈንን፤ እርጥቡ አፈር እንዳይለይ ደረቅ አፈር በተንንበት። ሽማግሌው እጄን ይዘው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። ይሄኛው እንዳይጠራ ነበር እኛ አፈር የምናለብሰው።

ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጓድ በላይነህ ወረቀቴን ይዞ ቆመ፤ ክፉ ፊት የለውም፣ የሚያስፈራውም ይሄው ነው። አደምን ከመጋዘን አመጡት። ጢሙ አድጓል፣ እጆቹ ከድጅኖው ቁስል ገና አልዳኑም። ዙበይዳ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች።

"ጓድ ማሩ፣ ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ለጉድጓድ ተስማሚ ይላል። ታዲያ የት ቦታ ላይ ሰርስረህ እንዳገኘኸው ለሕዝቡ አሳይ።"

"የትም" አልሁ።

"የትም ማለት?"

"አልሰረሰርሁም። ፀሐይ ነበር። ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሞላሁት።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁም እየሰፋ መጣ። ጓድ በላይነህ አልሳቀም። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ሁለት ሜትር ከአሥር ይላልኮ። አሥሯን ከየት አመጣሃት?"

"እውነት እንድትመስል ብዬ ጨመርኋት።"

አፌ ውስጥ ደም ደም አለኝ። ስምንት ዓመት የተሸከምሁት ብረት አጠገቤ ቆሟል፤ እጀታው በእጄ መዳፍ ልክ ተበልቷል። ቀና ብሎ ያየው ሰው ቢኖር ውሸቴን ያውቅ ነበር። ማንም አላየውም። ሊቀመንበሩ ብቻ "ሽማግሌው ያዩት የለም ወይ? መሬቱ የእርሳቸው ነው" ብሎ ወደ አያ ዘውዱ ዞረ። አያ ዘውዱ መሬት መሬቱን እያዩ "እኔ እርሻ ላይ ነበርሁ፤ ልጁ ጥላው ሥር ነበር" አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። አልተቀየምኋቸውም፤ ትንሽ ግን አመመኝ።

ለአሻጥር አንድ ሰው ይበቃል። አደም እዚያው ተፈታ፤ እኔ በእሱ ቦታ በመኪና ተጫንሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሁ ወደ ጎንደር አልላኩኝም፤ ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ወር ታሰርሁ። ስወጣ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ያንኑ ውሸት በባልደረቦቼ ፊት ደገምሁት። በመስኮት እያዩ የሚሞሉት ሁለቱ ከሁሉ አጥብቀው ነቀፉኝ። ከመስክ ሥራ ወጥቼ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆንሁ። መንደሩ ከክረምት በኋላ ከወይራ ሜዳ ርቆ፣ ወንዙ አጠገብ ተመሠረተ።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ አዲሱ ዘር ወደ ጉድጓድ በሚገባበት ወር፣ ለመሥሪያ ቤቱ ገመድና ጆንያ ላመጣ አንበሳሜ ሄድሁ። የገበያ ቀን ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ ስቀመጥ አደም ከአራት አምስት ሰዎች ጋር ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ነበር። አያ ዘውዱም አሉ፤ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ከበር አጠገብ ተቀምጠዋል። ከእነሱ መካከል አንዱ የማኅበሩ ጥበቃ ጓድ ነው፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።

አደም አወቀኝ። ስድስት ቀን ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ቂም አያንሰውም፤ ቢሆንም ቀድሞ በጨዋ ደንብ ሰላም አለኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ? በአገሩ አንደኛ ሰርሳሪ ነው። መሬት ሳይነካ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ይወርዳል! እኔ ሠላሳ ዓመት ስቆፍር ይሄን ጥበብ አላገኘሁትም።"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አደም ግን አልሳቀም፤ ፊቱ ጠቆረ። "ሚስቴ ስድስት ቀን በእግሯ ተመላልሳለች" አለ ወደ እኔ። "መሰርሰሩ ቢከብድህ እንኳ አንድ ገበሬ ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ከእረኛ እስከ ሽማግሌ ማን ይነግርህ የነበረ ነገር ነውኮ። ቃል መስማት ያደክማል?"

ለውሸቴ ስድብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይሄ ግን እውነቱ ነው። የተነገረኝን ቃል ብጽፈው ኖሮ እሱ አይታሰርም፣ እኔም አልዋሽም ነበር።

ያኔ ከበሩ በኩል አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። አያ ዘውዱ ብድግ ብለዋል። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"አደም" አሉ፣ "ስማኝማ ልጄ፣ ይሄ ሰው..."

ጥበቃው ቀና ብሎ አያቸው።

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጌ አስቀመጥሁና ቀደምኋቸው። "እውነቱን ነው፣ አያ ዘውዱ፤ ይቀመጡ" አልሁ ሁሉም እንዲሰማ። "ቀኑን ሙሉ ከጥላው አልወጣሁም።"